የተንቀጠቀጠው ካሴትና የጠፋው ማነከስ፦ ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ በዋለበት ቀን፣ አንዲት ደንበኛ ሕርማታ መርካቶ አካባቢ ወዳለችው ቪዲዮ ቤታችን ገባች። ከጃኬቷ ሥር ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ትንንሽ ካሴቶች። የሃይ ኤይት ካሴቶች ናቸው፤ የድሮ የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ካሴት ማለት ነው። አሁን አሁን በወር አንድ እንኳን አይመጣልንም።

"ወንድሜ፣ ይሄን ዲቪዲ ታደርግልኛለህ?" አለችኝ። "ግን በጣም ይንቀጠቀጣል። እናቴ ስታየው ራሷን ያዞራታል።"

ለምን ዲቪዲ ብዬ ጠየቅኳት። ፍላሽ ይቀላል፤ ቴሌግራም ደግሞ ከሱም ይቀላል። እናቷ ማና ወረዳ ገጠር ነው የሚኖሩት። ስልክ ላይ ቪዲዮ ማየት አይሆንላቸውም። ዴካቸውን ግን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው ይዘጋሉ። ዴኩ አሮጌ ስለሆነ የፍላሽ ቀዳዳ የለውም። በቃ፣ ዲቪዲ።

ይህን ሥራ የምጽፈው እኔው ስላበላሸሁት ነው። ካስተካከልኩት ይልቅ ያበላሸሁት መንገድ ሌላ ቪዲዮ ቤት ላለ ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ደንበኛዬ እንድጽፈው ፈቅዳለች። ስም አልጠራም።

ካሴቱ ላይ ያለው

ከሦስቱ ካሴቶች ለጊዜው የሚጫወተው አንዱ ብቻ ነበር። 74 ደቂቃ ተቀርጾበታል። ጊዜው ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ነው፤ ቡና የሚለቀምበት ሰሞን። ካሜራውን ከዱባይ ያመጡት አጎቷ ናቸው። የቀረጸው ግን የ14 ዓመት ወንድሟ ነው። ካሜራ የያዘበት የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ ያስታውቃል።

ትልቁ ክፍል አባትየው ቡናቸው ውስጥ ሲሄዱ ነው። ልጁ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። እሳቸው በየመሐሉ ቆም እያሉ ቅርንጫፍ ይይዛሉ፤ ይሄኛው መቼ እንደተተከለ፣ ያኛው ከማን እንደመጣ ይናገራሉ። ቀጥሎ በአይሱዙ ጋቢና ወደ ከተማ የሚሄዱበት መንገድ አለ። መጨረሻው ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ነው፤ መብራቱ አንድ አምፖል ብቻ ነው። አባትየው ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። ሌላ የሚንቀሳቀስ ምስል የላቸውም።

መጀመሪያ፦ የሚንቀጠቀጠው የቱ ነው?

ቤተሰቡ የድሮ ካሜራቸውንም ሰጥተውኝ ስለነበር ካሴቱን በሱ አጫወትኩት። በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ አገናኝቼ በርካሽ የዩኤስቢ መቅረጫ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁት። ይንቀጠቀጣል። እሺ፣ ይህን ነግራኛለች።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። አባትየው ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያወሩበት ቦታ አለ። ልጁ አንድ ነገር ተደግፎ ነው መሰለኝ እጁ ረግቷል። የበሩ መቃን ግን እንደ እባብ ይጥመለመላል። መሐሉ ወደ ግራ፣ ታቹ ወደ ቀኝ። የእጅ መንቀጥቀጥ እንዲህ አያደርግም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ሙሉውን ነው ይዞት የሚሄደው፤ መቃን አያጣምምም።

ይሄ የቴፑ ነው። ካሴቱና ማጫወቻው ሲያረጁ የምስሉ መስመሮች በሰዓታቸው አይደርሱም። አንዱ ቀደም፣ አንዱ ዘግየት ይላል። የሚንቀጠቀጥ ምስል የሚያቆመው ማረጋጊያ ሶፍትዌር ፍሬሙን፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን አንድ አንዱን ምስል፣ እንዳለ ስለሚገፋው መስመር ለመስመር የሚመጣን ችግር አያክምም። የሚያክመው ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባለው ነው። መስመሮቹን ለቅጽበት ይዞ በየሰዓታቸው ይለቃቸዋል። አንዳንድ የዲጂታል ኤይት ካሜራዎች ይህ በውስጣቸው አላቸው፤ የሃይ ኤይት ካሴትም ያጫውታሉ።

እንዲህ ያለ ካሜራ አንድ አንጋፋ ካሜራማን ወዳጄ ዘንድ ተገኘ። ካሴቱን የሚያነበውን ጭንቅላቱን በአልኮል ጠራርጌ በፋየርዋየር ገመድ እንደገና ካፕቸር አደረግኩ፤ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት ማለት ነው። መቃኑ ቀጥ አለ። ካሜራው የሚሰጠው የዲቪ ፋይል በሰዓት 13 ጊጋ ገደማ ስለሚበላ ካሴቱ 16 ጊጋ ያህል ወሰደ። ደንበኛዬ "ይንቀጠቀጣል" ካለችው ውስጥ ደህና ያህሉ ማረጋጊያ ሳልነካ እዚሁ ጋ አለቀ። ያን ቀን ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንደኛው ሙከራ

የተጠቀምኩት ዲሼከርን ነው። ቨርቹዋልደብ ላይ የሚሠራ ማረጋጊያ ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሥራውን በሁለት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱን ፍሬም ከፊተኛው ጋር ያስተያያል። ምን ያህል ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደዞረ ለክቶ ፋይል ላይ ይጽፋል። በሁለተኛው ዙር በልኬቱ ላይ ለስላሳ መንገድ ያሰምርና ፍሬሞቹን ወደዚያ መንገድ ይገፋቸዋል። ሲገፋ ዳር ላይ ጥቁር ክፍት ይቀራል። እሱን ለመደበቅ ምስሉን ያጎላል፣ ወይም ከፊትና ከኋላ ፍሬሞች ተበድሮ ይሞላል።

እኔ 74ቱን ደቂቃ እንዳለ፣ ነባሩን ቅንብር ሳልነካ ሰጠሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይዞ ተኛ። በማግስቱ ማታ እንደገና። ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ምስሉ ወደፊት ወደኋላ ይነዝራል። ይሄ የራሴ ስህተት ነበር። ፓል በሚባለው የቲቪ ሥርዓት የተቀረጸ ምስል በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው ይባላል እንጂ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ግማሽ ምስል ነው፤ አንዱ ሙሉ ቁጥር መስመሮችን፣ ሌላው ጎዶሎ ቁጥሮቹን ይይዛል። ዲቪ የታችኛውን ግማሽ ነው የሚያስቀድመው። እኔ የላይኛውን ነግሬው ስለነበር ሶፍትዌሩ ጊዜን ወደኋላ እያስኬደ ይለካ ነበር። አስተካከልኩት፤ ነዘራው ጠፋ።

ልጁ ካሜራውን ሆን ብሎ ሲያዞር ደግሞ ምስሉ እንደ ሰከረ ሰው ዘግይቶ ይከተላል። ዳሩ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይመለሳል። እየተነፈሰ ያለ ይመስላል። ቢሆንም ከድሮው ይሻላል ብዬ ለደንበኛዬ ደወልኩላት።

ማነከሱ

ሱቅ መጥታ ቆማ ነው ያየችው። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አለች።

"አባዬን ምን አደረግከው?"

"ምን ሆኑ?"

"እንዲህ አይሄድም እኮ። ያነክስ ነበር። ወጣት ሆኖ ፈረስ ጥሎት ነው።"

የመጀመሪያውን ከፈትኩት። እውነትም ያነክሳሉ። ግራ እግራቸውን ባሳረፉ ቁጥር ትከሻቸው ዝቅ ይላል። እኔ የሠራሁት ላይ ግን ትከሻቸው ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ይልቅ ቡናው ነው የሚያነክሰው። በየእርምጃው ግንዱም፣ ቅርንጫፉም፣ ቀያዩ ፍሬዎችም አንድ ላይ ብድግ ቁጭ ይላሉ። ስንት ጊዜ አይቼው ዓይኔ ቡናው ላይ አላረፈም።

ልጁ በጣም ተጠግቶ ስለሚከተል የአባትየው ጀርባ የፍሬሙን ግማሽ ይሸፍናል። የለበሱት ኮት ደግሞ ባለ መስመር ነው፤ ለሶፍትዌሩ ከደብዛዛው ቅጠል ይልቅ የሚጨበጥ ነገር አለው። ሶፍትዌሩ የትኛው ሰው፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ብዙው ነገር ወዴት እንደሄደ ነው። ብዙው ጀርባቸው ስለነበር መሬት ጀርባቸው ነው አለ። እሳቸውን አቁሞ ዓለሙን አንቀሳቀሰ።

መፍትሔው ራሱ ዲሼከር ውስጥ ነበር። ሲለካ የፍሬሙን የተወሰነ ክፍል እንዳያይ ይታዘዛል። መሐሉን ዝጋ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ለካ አልኩት። እሳቸው ወደ ግራ ሲወጡ ወይም ሲቀርቡ የሚዘጋው ሳጥንም መቀየር አለበት። ስለዚህ የእግር ጉዞውን ቆራርጬ እያንዳንዱን ለብቻ አስለካሁ። አሰልቺ ነው። ማለስለሻውንም ከነባሩ 1000 ወደ 300 አወረድኩት። ትንሽ የእርምጃ ንቅናቄ ይቀራል፤ የሚያዞረው ግን ይጠፋል። ማነከሱ ተመለሰ፣ ቡናውም ቆመ።

ቀኑ

የድሮ ሃይ ኤይት ካሜራ ቀኑን ምስሉ ላይ ያትመዋል፤ ኋላ አይነቀልም። እዚህ ካሴት ላይ ቀኝ ታች ጥግ በነጭ ቁጥር 12 12 1999 ይላል። በዋናው ምስል ሁሉ ነገር ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩ ብቻ ቆሞ ነበር። ሲረጋጋ ተገለባበጠ። ምስሉ ቆመ፣ ቁጥሩ መደነስ ጀመረ። ዓይን ደግሞ የሚሄደው ወደሚደንሰው ነገር ነው።

እንቁረጠው አልኳት። አይሆንም አለች። ለምን ብትሉ፣ ቤተሰቡ ያን ቀን በትክክል የሚያውቀው ከዚያ ቁጥር ነው። አብረን ቆጠርን፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ። "ለዚህ ነዋ ነጠላ የለበሰችው" አለች እናቷን እያየች። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር።

ተስማማን። በተረጋጉት ትዕይንቶች ላይ ቁጥሩን በሎጎ ማጥፊያ ፊልተር ሸፈንኩት። ፊልተሩ በዙሪያው ያለውን ቀለም ስቦ ይሞላል። ቅጠል ላይ አይታወቅም፤ ፊት ላይ ግን እንደ ቅባት ጠባሳ ይቀራል። ደግነቱ ጥግ ላይ የነበረው አብዛኛው ቅጠል ነው። ከዚያ ቀኑን በኛ አቆጣጠር በግልጽ ፊደል ዲቪዲው መግቢያ ላይ ጻፍኩት። ያልነካኋቸው ትዕይንቶች ላይ የካሜራው ቁጥር እንዳለ ቀረ።

ያው ቁጥር ሌላም ተንኮል ነበረው። በጨለመው የማታ ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ እሱን ይዞ "ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም" ይል ነበር። በመጀመሪያው ዙር ጥጉን እንዳያይ ማዘዝ ነበረብኝ። በካሴቱ ግርጌ የሚንጫጩትን ጥቂት መስመሮችም እንዲሁ፤ የቴፕ ምስል ግርጌ ላይ ሁሌም አሉ።

የተውኳቸው

የማታውን ክፍል በመጨረሻ አላረጋጋሁትም። ሞክሬው ነበር፤ ብሶ ነው የተገኘው። በአንድ አምፖል ብርሃን ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ረዘም አድርጎ ነው የሚቀበለው። እጅ በዚያች ቅጽበት ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ራሱ ተደብዝዞ ይቀመጣል። ፍሬሙን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። የደበዘዘውን ማጥራት ግን አይቻልም። ውጤቱ ግድግዳው ጸጥ ብሎ ቆሞ የሰዎቹ ፊት በየሴኮንዱ ደብዘዝ፣ ጠራ፣ ደብዘዝ የሚል ነው። ሲንቀጠቀጥ ዓይን ምክንያቱን ያውቃል፤ ይቀበለዋል። ሲቆምና ሲደበዝዝ ግን ዓይኔ ታመመ እንዴ ያሰኛል። ዋናውን መለስኩ።

የአይሱዙውም እንዲሁ። የጋቢናው መስኮት አንድ እንቅስቃሴ አለው፣ ውጭ ያለው መንገድ ሌላ። መስኮቱን ሳቆመው መንገዱ ይዘላል፤ መንገዱን ሳቆመው መኪናው ይዘላል። ያ መንገድ ላይ የተጓዘ ሰው በዚህ አይገረምም። ተውኩት።

ወደ ዲቪዲ

ማረጋጋት ከመጭመቅ በፊት መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ይህ ካሴት በደንብ አሳየኝ። ዲቪዲ የሚጠቀመው ኤምፔግ 2 የሚባለው መጭመቂያ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙ ጊዜ በየ12 ፍሬሙ። በመሐል ያሉትን "ከፊተኛው ምን ተቀየረ?" እያለ ነው የሚመዘግበው። የቡና ቅጠል የሞላው ፍሬም ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ነገር ተቀየረ። ቦታ ያጥረውና ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ያንኑ ትዕይንት በተመሳሳይ ቢትሬት (በሴኮንድ በሚመደብ የዳታ መጠን)፣ አንዱን ሳይረጋጋ አንዱን ተረጋግቶ ጨመቅኩ። የተረጋጋው ላይ ቅጠሉ ቅጠል ሆኖ ይታያል። ካሬ ካሬ የሆነን ምስል ኋላ ላረጋጋ ቢሉ ደግሞ ሶፍትዌሩ ካሬዎቹንም ይለካቸዋል።

የቀረው ሒሳብ ነው። ባለ 4.7 ጊጋ ባዶ ዲቪዲ ላይ 74 ደቂቃ ለምስል በሴኮንድ 7.5 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል። ደንቡ እስከ 9.8 ይፈቅዳል። አሮጌ ዴክ ግን በርን የተደረገ ዲስክ ላይ ከፍተኛውን ሲያገኝ ይቆራርጣል፤ ስለዚህ ጣሪያውን 8 ላይ ወሰንኩ። መጠኑ 720 በ576፣ የታችኛው ግማሽ ቀዳሚ፣ እንደ ካፕቸሩ። በርን ያደረግኩት በ4 እጥፍ ፍጥነት ነው። መቸኮል ምን ዋጋ አለው?

ዳሩ ላይ ትንሽ ክርክር ነበረኝ። ምስሉን ብዙ ባጎላው ከቡናው ይቆረጣል። ጥቂት ጥቁር ዳር ብተው የእናትየው ወፍራም የድሮ ቲቪ ራሱ ይደብቀዋል፤ እነዚያ ቲቪዎች የምስሉን ዳር ከክፈፋቸው ጀርባ ነው የሚውጡት። ግን ልጆቹ በጠፍጣፋ ቲቪ ያዩታል፤ እዚያ ሁሉም ይታያል። በ6 በመቶ ቋሚ ጉላት አደረግኩና የቀረውን ከጎረቤት ፍሬሞች አስሞላሁ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ለግማሽ ሴኮንድ ሁለት ሆኖ ይታያል። አውቄ ነው የተውኩት።

ለሌላ ሥራ የወሰድኩት

ሁለት ደቂቃ ናሙና ሠርቶ ባለቤቱን ማሳየት፣ ሙሉውን ከመንካት በፊት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። እኔ አባትየውን አላውቃቸውም፤ ተንሳፍፈው ሲሄዱ ለእኔ "ቆንጆ ሆነ" ነበር። የሚያውቃቸው ሰው በሁለት ደቂቃ ያየውን እኔ በሁለት ሌሊት አላየሁም።

ከዚያ ቀጥሎ፣ የሚቆም ነገር ፈልጎ ማየት። መቃን፣ ምሰሶ፣ የቤት ጥግ። ከታጠፈ ችግሩ የቴፕ ነው፤ ማጫወቻ ይቀየር። ሳይታጠፍ ከዘለለ የእጅ ነው። ከተረጋጋ በኋላም ያንኑ ማየት ነው፤ ሰውየው ቆሞ ዛፉ ከሄደ ሶፍትዌሩ ሰውየውን ይዟል ማለት ነው።

የመለኪያውን ፋይል ደግሞ በየትዕይንቱ ስም እያወጡ ማስቀመጥ ያዋጣል። በሁለተኛው ሳምንት መብራት እንደገና ሲጠፋ የመጀመሪያው ዙር ተጽፎ ስለነበር የደገምኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ዋናውን ካፕቸርም አልደመሰስኩም። 16 ጊጋ ዛሬ ምንም አይደለም፤ ነገ የተሻለ ማረጋጊያ ቢመጣ ካሴቱ ያኔ መጫወቱን ማን ያውቃል?

ዋጋ ላይ ተሸውጃለሁ። የተዋዋልኩት በካሴት ነው፤ ሥራው ግን በትዕይንት ነበር። አሁን ካሴቱን ሳላይ ዋጋ አልናገርም። መጀመሪያ ካፕቸር አደርግና ከዚያ እንነጋገራለን።

ከዚያ ወዲህ

ዲስኩን በሁለት ቅጂ ወሰደች። ከሳምንት በኋላ ደወለች። እናቷ ቡናው ውስጥ ያለውን ክፍል ራሳቸውን ሳያዞራቸው ጨርሰውታል። አይሱዙው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ሰሙ። የማታውን ግን እንዲደገም አዘዙ።

ሁለቱ ካሴቶች እኔ ጋ ናቸው። አንዱ መስኮቱ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ይታይበታል። የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ከገባ የካሜራውንም ጭንቅላት ያበላሻል፤ ካሜራው ደግሞ የሰው ነው። እርጥበት ከሚስቡት ከረጢቶች ጋር በጥብቅ ዕቃ ዘግቼ አስቀምጫቸዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ እከፍታቸዋለሁ።